ለገጠር ቤት ገመድ አልባ የውጭ ካሜራ እንዴት እንምረጥ? በማንቡክና አካባቢዋ ላሉ ቤተሰቦች



ከቻግኒ ተነስቶ በግልገል በለስ በኩል ወደ ጉባ የሚወስደው መንገድ የዳንጉር ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ማንቡክ ያልፋል። ከከተማዋ ወጣ ብለው የሚኖሩ ቤተሰቦች ሰሊጥ፣ ማሽላና ለውዝ በጎተራ፣ ከብትና ፍየል በበረት ይዘው ያድራሉ። ቤቶቹ ተራርቀዋል፤ መብራት ያልገባባቸው ቀበሌዎች አሉ፤ ሌሊት አንድ ነገር ቢጠፋ ማን እንደወሰደው ለማወቅ ያስቸግራል። በሶላር የሚሠሩ ካሜራዎች ወደ ገበያ ከገቡ ወዲህ "የቱን እንግዛ?" የሚለው ጥያቄ የበዛው ለዚህ ነው። አረብ አገር ያሉ ልጆችም ለወላጆቻቸው ቤት ገዝተው ይልካሉ።

ንብረትን መጠበቅ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ለቆ ይመካ እንደሆነ የጠየቀን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ እንደመከሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ካሜራም ሰበብ ከማድረስ ይቆጠራል። ሆኖም ገመድ የሚያስረው የራስን ግመል ብቻ ሲሆን ካሜራ ግን የጎረቤትንም ግቢ ያያል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ቅደም ተከተል ከሻጮች የተለየ ነው። መጀመሪያ ካሜራው የሚያየው ቦታ ይወሰናል፣ ቀጥሎ ኃይልና ኔትወርክ ይፈተሻል፣ የካሜራው ዓይነት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

1. ካሜራው የቱን ቦታ ይይ?

ግቢዎን አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ በሌሊት ይዙሩት። ሌባ የሚገባበት መንገድ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት አይበልጥም፦ የግቢው በር፣ የጎተራው በር፣ የበረቱ መግቢያ። ግቢውን በሙሉ በደብዛዛው ከሚያሳይ አንድ ካሜራ ይልቅ አንዱን በር አጥርቶ የሚያሳይ ካሜራ ይጠቅማል።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ የምስሉ ወርድ 1920 ነጥብ ነው። የእይታ ስፋቱ 100 ዲግሪ ከሆነ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 24 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያያል። እነዚያ ነጥቦች ለ24 ሜትር ሲከፋፈሉ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 80 ብቻ ነው። በደህንነት ካሜራ ባለሙያዎች መለኪያ ደግሞ የሚያውቁትን ሰው ለመለየት በሜትር 125፣ የማያውቁትን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ 250 ነጥብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህ ካሜራ የሚያውቁትን ሰው የሚለየው እስከ 6 ሜትር ገደማ፣ የማያውቁትን ሰው ፊት በአስተማማኝ የሚያሳየው ደግሞ እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ባለፈ "አንድ ሰው አለፈ" ከማለት ብዙም አይዘልም። ባለ 4 ሜጋፒክስል ይህን ርቀት በሲሶ ገደማ ይጨምራል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሜትር ቁጥር ብርሃኑ የሚደርስበትን እንጂ ፊት የሚለይበትን ርቀት አይነግርዎትም።

ስለዚህ ካሜራውን ወደሚጠብቀው በር ማቅረብ ውድ ካሜራ ከመግዛት ይቀድማል። ይህ ከቀጣዩ ነጥብ ጋርም ይገናኛል፤ ለራስ በር የቀረበ ካሜራ የጎረቤትን ግቢ የማየት ዕድሉ ያነሰ ነው።

2. የጎረቤት ሐቅ

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ የሰውን ነውር መከታተልን ይከለክላል። በሱረቱ-ን-ኑር 27ኛውና 28ኛው አንቀጾች ደግሞ ሳያስፈቅዱ ወደ ሰው ቤት መግባትን ይከለክላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቀዳዳ አጮልቆ ያየን ሰው አጥብቀው እንደገሠጹ፣ ማስፈቀድ የተደነገገውም በዓይን ምክንያት መሆኑን እንደገለጹ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ካሜራ እግር ሳያነሳ በዓይን የሚገባ ነው፤ ስለዚህ የማስፈቀድ ሥርዓቱ እርሱንም ይመለከታል።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ካሜራ ከመፈጠሩ በፊት በመስኮትና በሰገነት መልክ አንስተውታል። በዑስማኒያ መንግሥት ዘመን እ.ኤ.አ ከ1869 እስከ 1876 የተዘጋጀው መጀለቱል አሕካም የተባለው የሕግ ድንጋጌ በ1202ኛው አንቀጹ ሴቶች የሚውሉበትን ቦታ የሚያሳይ መስኮት ከባድ ጉዳት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እንዲወገድም ያዛል። በምሳሌነት የሚጠቅሳቸው ሦስት ቦታዎች ማድቤት፣ የውሃ ጉድጓድ አፍና የቤት ግቢ ናቸው። የእኛ አገር ገጠር ግቢም ይኸው ነው፤ ማድቤቱ ውጭ ነው፣ ውሃ የሚቀዳውና ልብስ የሚታጠበው ውጭ ነው፣ አጥሩ ቀርከሃ ወይም እሾህ ነው።

መለኪያውንም ከቀደምቶች እናገኛለን። ኢብኑ ዐብዱልሐከም ስለ ግብፅ መከፈት በጻፉት መጽሐፍ እንደዘገቡት፣ በግብፅ ኻሪጃህ የተባሉ ሰው ሰገነት ሠርተው ጎረቤት ይታይባቸዋል የሚል ወሬ ለዑመር (ረ.ዐ) ደረሰ። ዑመር ሰገነቱን በወሬ አላስፈረሱም። አልጋ ተዘርግቶ፣ ረጅምም አጭርም ያልሆነ ሰው በላዩ ቆሞ እንዲሞክርና ጎረቤት ከታየ ብቻ እንዲፈርስ አዘዙ።

እኛም ይህንኑ እንድታደርጉ እንመክራለን። ካሜራውን በቡሎን ከማሰርዎ በፊት በታሰበው ቦታ በእጅዎ ይያዙት፤ ጎረቤትዎን ጠርተው በሞባይሉ ላይ የሚታየውን አብረው ይዩት። ማድቤታቸው፣ መጸዳጃቸው ወይም የውሃ መንገዳቸው ከታየ ካሜራውን ወደ ታች ያዘንብሉት ወይም ቦታውን ይለውጡት። ብዙ ካሜራዎች በአፕ ውስጥ የምስሉን አንድ ክፍል በጥቁር የመሸፈን አማራጭ አላቸው፤ ሲገዙ ይህን ይጠይቁ። በራሱ የሚሽከረከር ካሜራ ዛሬ ወደ በርዎ ቢያይ ነገ ወደ ጎረቤት ሊዞር ስለሚችል፣ ቤቶች በተቀራረቡበት ቦታ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያየውን ይምረጡ። ድምፅ የሚቀዳውም ክፍል ቢዘጋ ይሻላል፤ በአጥር አጠገብ የሚያልፍ ሰው ወሬ አማና ነው።

የራስዎ ቤተሰብም ሐቅ አለው። ከውጭ አገር ሆኖ የወላጆቹን ግቢ የሚከታተል ልጅ እናቱ፣ እህቶቹና የወንድሙ ሚስት ማወቃቸውንና መስማማታቸውን ያረጋግጥ። ሴቶች በግቢያቸው ሒጃባቸውን አውልቀው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ካሜራው በሩን ከውጭ በኩል እንጂ ግቢውን ከውስጥ ማየት የለበትም።

በሕግ በኩልም የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ አያያዝ ይመለከታል። ካሜራውን ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ወደ ጦር ሠፈር፣ ወደ ኬላ ወይም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት አያዙሩ። ከመትከልዎ በፊት ለቀበሌው ሊቀመንበርና ለወረዳው ፖሊስ ቢያሳውቁ በኋላ ከሚመጣ ጥርጣሬ ይድናሉ።

3. "ገመድ አልባ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሉ ብዙ ገዢ ያሳስታል። በገበያ ላይ "ገመድ አልባ" የሚባሉት አራት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ምስሉን በዋይፋይ የሚልክ፣ ኃይሉን ግን ከመብራት በገመድ የሚያገኝ ነው። ርካሽ ነው፤ መብራት በሌለበት ቤት ግን አይሠራም።

ሁለተኛው ባትሪና ሶላር ያለው የዋይፋይ ካሜራ ነው። ራውተር ይፈልጋል። 10 ዋት የሚወስድ ራውተር 24 ሰዓት ሲበራ በቀን 240 ዋት-ሰዓት ይበላል፤ ይህም ባለ 12 ቮልት 20 አምፒር-ሰዓት ባትሪን በሙሉ ያሟጥጣል። ለመብራትና ለሞባይል ቻርጅ የተገዛ ትንሽ የቤት ሶላር ይህን አይችልም።

ሦስተኛው የራሱ ሲም ካርድ፣ ባትሪና ሶላር ያለው የ4ጂ ካሜራ ነው። ራውተርም መብራትም አይፈልግም። ኔትወርክ ላለበት፣ መብራት ለሌለበት የገጠር ቤት በአብዛኛው የሚስማማው ይህ ነው።

አራተኛው ኢንተርኔት የማይፈልገው ነው። በሚሞሪ ካርድ ይቀዳል፤ አንዳንዱ ሞባይልዎ ሲጠጋው በራሱ ዋይፋይ ያሳየዎታል። ለዱር እንስሳት መከታተያ የተሠራው ካሜራም ከዚህ ይመደባል፤ በባትሪ ድንጋይ ለወራት ሊሠራ ይችላል። ወዲያው አይጠራዎትም፣ ጠዋት ግን ምን እንደሆነ ያሳይዎታል። ኔትወርክ ለማይደርስበት እርሻና በረት ተገቢው ይህ ነው።

4. ኃይል

ባለ 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 37 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ሳያቋርጥ የሚቀዳ ካሜራ ከ3 እስከ 5 ዋት ቢወስድ በቀን ከ72 እስከ 120 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህ ባትሪ አንድ ሌሊት እንኳ በቅጡ አያሳድረውም። የሶላር ካሜራዎች ተኝተው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ የሚነቁት ለዚህ ነው። "በሶላር 24 ሰዓት ይቀዳል" ለሚል ሻጭ የፓነሉን ዋትና የባትሪውን መጠን ጠይቀው ይህንኑ ስሌት ይሥሩለት።

ፓነሉ ከካሜራው ተለይቶ በገመድ የሚገናኝ ቢሆን ይመረጣል። ፓነሉ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ባትሪው ግን ጥላ ይፈልጋል። ብዙዎቹ የሊቲየም ባትሪዎች ሙቀታቸው ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ ቻርጅ መደረግ የለባቸውም፤ በማንቡክ ቆላ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ካሜራ ደግሞ በቀላሉ ከዚያ ያልፋል። ካሜራውን በጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ፓነሉን በቆርቆሮው ላይ ያድርጉ።

ማንቡክ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፓነሉ ወደ ደቡብ ዞሮ በ15 ዲግሪ ገደማ ቢያዘነብል ጥሩ ነው፤ ዝናብም አቧራውን ያጥበዋል። በክረምት ዳመና የሚገኘው ኃይል በብዙ ስለሚቀንስ ከሰኔ እስከ መስከረም የማንቂያውን ስሜት ዝቅ ማድረግና ባትሪውን በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል። በበጋ ደግሞ ሣር ሲቃጠል የሚነሣው ጥላሸትና አቧራ ፓነሉን ይሸፍነዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት።

5. ኔትወርክና የዳታ ወጪ

ካሜራው በሚሰቀልበት ቦታና ከፍታ ላይ ሞባይልዎን ይዘው ይቁሙ፤ አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም ይላኩ። በጠዋት፣ በምሽትና በሌሊት ይሞክሩት። ቪዲዮው ካልሄደ የ4ጂ ካሜራውም አይልክም። የሚገዙትን ካሜራ ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን ሲም ካርድ አስገብተው እዚያው ሱቅ ውስጥ ያስሞክሩት፤ ሁሉም የ4ጂ መሣሪያ ከአገራችን ኔትወርክ ጋር ይገጥማል ማለት አይደለም።

ወጪውን እንዲህ ያስሉት። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ የ20 ሰከንድ ቪዲዮው 2.5 ሜጋባይት ነው። በቀን 40 ጊዜ ቢነቃ 100 ሜጋባይት፣ በወር 3 ጊጋባይት ይሆናል። ያንኑ ካሜራ ቀኑን ሙሉ በቀጥታ ቢያዩት ግን በ24 ሰዓት 10.8 ጊጋባይት ይበላል። ስለዚህ ቪዲዮው በሚሞሪ ካርድ እንዲቀር፣ ወደ ሞባይልዎ ማስታወቂያና ፎቶ ብቻ እንዲመጣ አድርገው ያስተካክሉት። በእንቅስቃሴ ብቻ ለሚቀዳ ካሜራ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ ለሳምንታት ይበቃል።

የካሜራውን አገልግሎት በየወሩ በዶላር የሚያስከፍሉ ኩባንያዎች አሉ። ያለ ወርሃዊ ክፍያ በካርድ መቅዳቱን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

6. ሌሊት፣ ሙቀትና ዝናብ

በጨለማ የሚያይ ካሜራ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ለሰው ዓይን በማይታይ ብርሃን ግራጫ ምስል ይሰጣል፤ ባትሪ ይቆጥባል። ሌላው ነጭ መብራት አብርቶ የቀለም ምስል ይሰጣል። ነጩ መብራት ሌባን ሊያስደነግጥ ይችላል፤ በክረምት ግን ነፍሳትን ይሰበስባል፣ እነርሱን ተከትሎ ሸረሪት መስታወቱ ላይ ድር ያደራል፣ ድሩ በነፋስ ሲወዛወዝ ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ ሲነቃ ያድራል። ሁለቱንም ያለውንና እንደ አስፈላጊነቱ የሚቀያየረውን ይምረጡ።

አብዛኞቹ የሶላር ካሜራዎች የሚነቁት የሰውነትን ሙቀት በሚለይ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ የሚሠራው በሰውነትና በአካባቢው ሙቀት መካከል ልዩነት ሲኖር ነው። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሞቃት ወራት የቀኑ ሙቀት ወደ ሰውነት ሙቀት ስለሚጠጋ ቀን ላይ ሊዘናጋ ይችላል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሻለዋል። ሰው ፊት ለፊት ከሚመጣበት ይልቅ በጎን አቋርጦ ሲያልፍ በተሻለ ይለያል፤ ስለዚህ ካሜራውን ወደ መንገዱ ቀጥታ ሳይሆን በጎን ያድርጉት። ፍየልና ውሻም ያነቁታል። "ሰውን ብቻ የሚለይ" የሚለውን አማራጭ ያለው ካሜራ ይህን ድካም ይቀንሳል።

ለዝናብ በካርቶኑ ላይ "አይፒ65" ወይም "አይፒ66" የሚለውን ይፈልጉ። የመጀመሪያው 6 አቧራ ጨርሶ እንደማይገባ፣ ሁለተኛው ቁጥር ውሃ በኃይል ሲረጭበት እንደሚችል ያመለክታል። የሲም ካርዱ መክፈቻ ጎማ በደንብ ካልተዘጋ ግን ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ከፍታው ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይሁን፤ ዝቅ ካለ ይሰረቃል፣ ከዚያ ከፍ ካለ ፊት ሳይሆን ቆብ ያሳያል። በቋሚ እንጨት ላይ ከሆነ ምስጥ ስለሚበላው የብረት ቱቦ ይሻላል።

7. የይለፍ ቃል አማና ነው

እ.ኤ.አ በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ሌሎች መሣሪያዎችን በብዛት ተቆጣጥሮ ትልልቅ ድረ ገጾችን ከአገልግሎት ውጭ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ በ2023 ደግሞ ሪንግ የተባለው የአሜሪካ የቤት ካሜራ ኩባንያ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ እንዲያዩ ፈቅዷል ተብሎ በአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

በእኛ ዘንድ ቅርቡ አደጋ ግን ከሱቅ ይጀምራል። ካሜራውን የሚገጥመው ልጅ በራሱ ኢሜይል ወይም ስልክ አካውንት ከከፈተው የቤትዎ ምስል በእርሱም እጅ ይቀራል። አካውንቱ በቤተሰቡ ስልክ ቁጥር ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉን ራስዎ ያስገቡ፣ ማን ማን እንደሚያይ በአፑ ውስጥ ይፈትሹ። ካሜራውን ሲሸጡ ወይም ሲያስጠግኑ ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ፣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሱት።

8. ካሜራው ሌባ ቢያሳይስ?

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። መተከል በ2013 ዓ.ም ብዙ ሰው የተገደለበትና የተፈናቀለበት ዞን ነው። ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አገው፣ አማራና ኦሮሞ ጎረቤት ሆነው በሚኖሩበት አካባቢ፣ ከሌሊት የተቀዳ ደብዛዛ ምስል "እገሌ ነው" ተብሎ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ቢለቀቅ የጠፋው አንድ ፍየል ሆኖ ሳለ የሚፈሰው ደም ሊሆን ይችላል። በ1ኛው ክፍል እንዳሰላነው፣ በ10 ሜትር ርቀት ያለ ሰው በብዙ ካሜራ ላይ ፊቱ አይለይም። በልብሱ ወይም በቁመናው ብቻ በሰው ላይ መመስከር በደል ነው። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጹ ወሬን ሳናጣራ ሰዎችን በስህተት እንዳንጎዳ ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ ምስሉን አያሰራጩ። ካሜራው በራሱ እንዳይሰርዘው ቅጂ አስቀምጠው ለፖሊስ ይስጡ፤ ለአገር ሽማግሌዎች ማሳየት ካስፈለገም በእነርሱ ፊት ብቻ ይሁን። ሌሊት ማስታወቂያ ሲመጣም ብቻዎን አይውጡ፤ ከቤት ሆነው ጎረቤት ይጥሩ።

9. ከመክፈልዎ በፊት የሚጠየቁ

- የሚጠብቀው በር ስንት ሜትር ይርቃል? ከ6 ሜትር በላይ ከሆነ ካሜራውን ማቅረብ ይቻላል?
- ጎረቤት ምስሉን አይቶ ተስማምቷል? የምስሉን ክፍል መሸፈንና ድምፁን መዝጋት ይቻላል?
- የራስዎ ሲም ካርድ በሱቁ ውስጥ ሠርቷል?
- ፓነሉ ስንት ዋት ነው? ከካሜራው ይለያል? ባትሪው ሲደክም ይቀየራል?
- ያለ ወርሃዊ ክፍያ በሚሞሪ ካርድ ይቀዳል?
- አይፒ65 ወይም ከዚያ በላይ ነው?
- አካውንቱ በማን ስልክ ተከፈተ?

ከእነዚህ ሁለተኛው "አይደለም" ከተባለ የቀሩት ሁሉ ቢሟሉም አይግዙ። ባትሪው ቢያልቅ፣ ኔትወርኩ ቢጠፋ፣ ካሜራው ራሱ ቢሰረቅ ሌሊት ሲጠሩት የሚደርሰው ጎረቤት ነውና፣ እርሱን አስቀይሞ የተተከለ ካሜራ ቤቱን ከነበረው ጥበቃ ያጎድለዋል።

አላህ ቤታችንንና የጎረቤቶቻችንን ቤት ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።